የሰማያዊዋ ፔጆ ኮፈን ሲከፈት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ጀማል ዘንዘልማ ያስጀመረውን ቤት ሊያሳየኝ በመኪናው ይዞኝ ሲሄድ፣ ከከተማው ወጣ እንዳልን መኪናዋን ሳል ሳል አላትና መንገድ ዳር ቀጥ ብላ ቆመች። ባጃጆቹ በግራ በቀኝ እየተሽሎከሎኩ ያልፉናል። ጀማል ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና አጎነበሰበት። የሚያየውን ግን አያውቀውም። በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ለጓደኛው ይልካል፣ «ይቺ ጥቁሯ ነገር ምንድን ናት? ይሄስ ጫፉ ተንጠልጥሎ የቀረው ከየት የወጣ ነው?» እያለ ይጠይቃል። «እማ፣ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ ተቀመጭ» ቢለኝም አልሰማሁትም። ከዘራዬን ተደግፌ ወረድሁና አጠገቡ ቆምሁ። የጋለ ጎማ፣ ቤንዚንና አቧራ የተቀላቀለበት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጄ ሽታውን በእጁ ሲያባርር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብሁት። ሰው ያለፈ ዘመኑን በሽቶ ያስታውሳል ይባላል። እኔ ወጣትነቴንም፣ ባሌንም፣ ጠላቴንም የማስታውሰው በዚህ ሽታ ነው። ጠላቴን ስል ደግሞ ደስ እያለኝ ነው።

ያኔ ባሕር ዳር እንዲህ አልሰፋችም ነበር። ዘንዘልማ ማለት እህል የምንሸምትበት ገጠር ነው፤ ሰባታሚት ሲባልም የሩቅ አገር ስም ይመስለን ነበር። የዘንባባው መንገድ ጥላው ሙሉ ነው፤ የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ያ መንገድ በብስክሌት ይሞላል፤ ሴቶቹ ሠራተኞች ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው እንደ ወንዶቹ ይነዳሉ። በታንኳ የሚመጣው ቆሮሶ አሣ በደንገል ተሰክቶ አንድ ብር ሳይሞላ ይሸጣል፤ ገና ጅራቱን እያወዛወዘ ቤት ይደርሳል። ጎረምሶቹ አፍሯቸውን አበጥረው፣ መሬት የሚጠርግ ሱሪያቸውን ለብሰው የሐይቁ ዳር መናፈሻ ሲዞሩ ይውሉ ነበር፤ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ደሴቶቹ ድረስ የሚሄድ ይመስለኛል። ኋላ ሱሪውም ካኪ ሆነ፤ ዘፈኑም ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማርሽ ሆነ። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነበር ብትሉኝ ይጠፋኛል። ካኪ በሜትር ስንት ይሸጥ እንደነበር ብትጠይቁኝ ግን እስከ ሳንቲሙ እነግራችኋለሁ፤ ቤታችን የጨርቅ ሱቅ ነበራ።

ሱቁ የባሌ የሰይድ ነው። አላህ ይዘንለትና ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቁ ከደጅ የሚሰማ ሰው ነበር። በረንዳችን ላይ ደግሞ ስንሻው የሚባል ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። ኪራይ ጠይቀነው አናውቅም። ከኛ የተገዛ ጨርቅ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሰፋል፤ ምሳ ሲደርስም «ስንሻው፣ ና እጅህን ታጠብ» እንለዋለን። የሱ ፆም በሆነ ቀን ሽሮ ለብቻ አሠራለታለሁ። እኔን «እቴ ዘሃራ» ይለኛል፣ ባሌን «ጋሽ ሰይድ»። የኒካሕ ቀሚሴን የሰፋልኝም እሱ ነው። ሰይድ ከአስመራ ያመጣው አረንጓዴ፣ ቢጫ አበባ የተነሰነሰበት ጨርቅ ነበር። በከተማው አምሳያ አልነበረውም፤ ስንሻው ራሱ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት በመዳፉ እየዳበሰ «እቴ ዘሃራ፣ ይሄን መቁረጥ ኃጢአት ነው» ብሎኝ ነበር።

ሰይድ ከጨርቁ ሌላ አንድ ፍቅር ነበረው፤ ሰማያዊ ፔጆ። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር ነው የገዛት። መለዋወጫ የሚባል ነገር ከገበያ ሲጠፋ እሷን ለማቆየት ያላደረገው የለም። ክላክሷ ከወደቀ የጭነት መኪና የተነቀለ ነው፤ ስትነፋው በሬ ይደነብራል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያቀብለው ቦቢናም ከትራክተር የመጣ ስለነበረ በቦታው አልገጥም ብሎ በቆዳ ቀበቶ ታስሯል። ሽቦዎቹን አዲስ ሲዘረጋቸው ደግሞ እንዳይምታቱበት ጫፍ ጫፋቸውን ከሱቁ በተረፈ ቅዳጅ ጨርቅ ይጠቀልላቸዋል፤ ለመብራት የሚሄደው ባለ መስመር፣ ለክላክሱ የሚሄደው ቀይ። ከባትሪው ሥር አልፎ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን፣ ያለሱ ሞተሩ የማይነሳውን ዋናውን ሽቦ፣ በኒካሕ ቀሚሴ ትራፊ ጠቀለለው። «ይቺ ከተነቀለች ሁሉም ያልቃል፤ ስለዚህ አንቺን ትምሰል» አለኝ። ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ይሄ ምንድን ነው? ያስ?» እያልሁ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ልጅ ቁርኣን እንደሚያስቀሩ መምህራን ሳይሰለች ይመልስልኛል። በቤዛዊት መንገድም መንዳት አስተማረኝ። ሻሽ ያሰረች ሴት መሪ ይዛ ስታልፍ ለማየት ሰው ከየቤቱ ይወጣ ነበር።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ስንሻው ከበረንዳችን ተነስቶ ስብሰባ ማዘውተር ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ ተባለ። እኛም ደስ አለን፣ ወላሂ። ሰይድ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሙሉ ካኪ ሰጠው። በዚያው ካኪ ለብሶ መጣና ቤታችንን አስፈተሸ። ለልጆቼ ልብስ ብዬ በሣጥን ያስቀመጥሁትን ጨርቅ አውጥቶ «የኢኮኖሚ አሻጥር» አለው። ሣጥኑ የት እንዳለ የሚያውቀው እንጀራችንን ሲበላ ስላየው ነው።

«ስንሻው፣ ወንድሜ፣ ይሄን ጨርቅ እኮ ታውቀዋለህ» አለው ሰይድ።

«ጓድ በል!» አለው። ይሄው ነው መልሱ።

ባሌን ወሰዱት። የመኪናዋን ቁልፍም ከምስማሩ ላይ ራሱ አነሳና «ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች» አለኝ። የአብዮቱ ሥራ ምን እንደሆነ በሚቀጥለው እሑድ አየሁ። ሚስቱን በጎን አስቀምጦ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ክርኑን አውጥቶ በሐይቁ ዳር ይንሸራሸራል። መንዳት የለመደው በሷው ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ የፊቷ መከላከያ ተጨረማመተ። በእኛ ደጅ ሲያልፍ ያንን በሬ የሚያስደነብር ክላክስ ይነፋል። ልጆቼ «አባ መጣ!» እያሉ እየሮጡ ይወጣሉ። እስቲ አስቡት። ልጆቼ እየሮጡ ይወጣሉ፣ እሱ ይስቃል። ቂም የጀመረኝ ባሌን የወሰደው ቀን አይደለም፤ በነዚያ እሑዶች ነው። ለእስር ቤት ስንቅ ቋጥሬ እሄዳለሁ፤ ምግቡን ይቀበሉኛል፣ ሰውየውን ግን አያሳዩኝም። ስሰግድ እንኳ አላህን የምለምነው ባሌን እንዲያወጣልኝ ብቻ አልነበረም።

ልመናዬ የተሰማ መሰለኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው «ጓድ ሊቀመንበር ይፈልግሻል» አሉኝ። ስሄድ ፔጆዋ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። የከተማው መካኒክ እጁን እየጠረገ «ይሄን ያሰረው ሰው ራሱ ካልመጣ ማንም አያውቀውም፤ ከአራት መኪና የተለቀመ ነገር ነው» ይላል። ስንሻው ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው በዚች መኪና እንዲሆን ቃል ገብቷል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከባልሽ ጋር ስትጎረጉሪ አውቅሻለሁ። ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ የላላው ወዴት ነው የሚገባው?» አለኝ።

አጎንብሼ አየሁ። የኒካሕ ቀሚሴ ትራፊ የተጠቀለለበት ሽቦ ከቦቢናው ወጥቶ ሥር ወድቋል። ከላይ ለሚያይ አይታይም።  ቀና ብዬ ግን «አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ባሌን ልየው» አልሁ።

«ትደራደሪያለሽ?»

«አይ ጓድ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው።»

ጥርሱን ነከሰ፤ ቀኑ ደርሶበታልና እሺ አለ። ያን ለት ከሰዓት ሰይድን በእስር ቤቱ አጥር አየሁት። ያ ረጅም ሰው አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። ስናገረው አንድ ጆሮውን ወደ እኔ ያዞራል፤ ሌላው አይሰማም። «ወድቄ ነው» አለኝ። ጠባቂው እየሰማ ምን ይበል? እኔም «አላህ ያሽርህ» ብዬ እንኳ ማጽናናት አቃተኝ። «ሰይድ፣ መኪናዋን ልሠራለት ነው» አልሁት። ዓይን ዓይኔን አየኝና «በደንብ ሥሪያት» አለኝ። በደንብ ያለበትን አኳኋን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ወደ ቀበሌው ተመለስሁ። ስንሻውን ውሃ አስመጣልኝ፣ ጨርቅ አስመጣልኝ እያልሁ አመላለስሁት። ሽቦዋን አነሳሁና ወደ ቦታዋ መለስኋት፤ ግን ብሎኗን አላጠበቅሁም። ተነካች እንጂ አልተያዘችም። ለስላሳ መንገድ ላይ ታደርሳለች፤ ጉድጓድ ሲያገኛት ትወጣለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ በዓሉ ሜዳ በሚወስደው መንገድ፣ አሣ ተራው ፊት ለፊት፣ ክረምቱ የቆፈረው ትልቅ ጉድጓድ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ስንሻው ደስ ብሎት እጁን አጨበጨበ። «አየሽ፣ አብዮቱ ሁሉንም ያሠራል» አለኝ። «አሜን» አልሁት።

የበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ በየቀበሌው ተሰልፎ መንገድ ዳር ቆመ። እኛ ሴቶች ሰማያዊ ካኪ ለብሰን መፈክር ይዘናል። እኔ ቀደም ብዬ ሄጄ አሣ ተራው ፊት ለፊት ቦታዬን ያዝሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማርሹ ይጮኻል። ሞተር ብስክሌቶቹ አለፉ፤ ከኋላቸው ሰማያዊዋ ፔጆ ታጥባ፣ ባንዲራ ተሰክቶባት መጣች። ስንሻው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ሙሽራ ደረቱን ነፍቷል። ጉድጓዷ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ ተንፈቀፈቀች፣ እኔው ፊት ቀጥ አለች። ማርሹ ቀጠለ፤ መኪናዋ ግን አልቀጠለችም።

ቁልፉን አዞረ። እንደገና አዞረ። ባለሥልጣኑ ከኋላ ሆኖ ሰዓቱን አየና በሩን ከፍቶ ወረደ። አጭር፣ ጠይም፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው። ስንሻው ኮፈኑን ከፍቶ እጁን አስገባ፤ ነካ፣ ለቀቀ፣ የነካውን መልሶ ነካ።

«ምን ሆነች?» አለ ሰውየው።

«ትንሽ… ይቺ ናት ጓድ… ይቺ…»

«ይቺ ማን ናት? ስም የላትም?»

 ሰውየው ባንዲራውን፣ የተጨረማመተውን መከላከያ፣ በቀበቶ የታሰረውን ነገር አየና «መኪናዋ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀው። ስንሻው አሁን የቀበሌ ናት ቢል ሚስቱን ሲያንሸራሽርባት ከተማው አይቷል፤ የተወረሰች ናት ቢል ለምን ለመንግሥት አላስረከብህም ይባላል። ከሁሉ የባሰውን መረጠ።

«የራሴ ናት ጓድ። በላቤ የገዛኋት ናት።»

እግሬ ከሰልፉ መቼ እንደወጣ አላውቅም። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ደረቴ ላይ አጋደመው። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ዘሃራ፣ ልጆችሽን!» ስትል ሰማኋት። አፌ ግን እሺ አላለም። «ጓድ!» አልሁ፣ «የመኪናዋን ስሟን ብቻ ሳይሆን አጥንቷን እኔ እነግርዎታለሁ!»

ሰውየው ዞሮ አየኝ። «ልቀቃት» አለው ጠባቂውን።

ቀረብሁ። ኮፈኑ ሥር እጄን ሳልሰድ፣ ወደ ውስጥም ሳላይ፣ ፊቴን ወደ ስንሻው አዙሬ ቆምሁና መናገር ጀመርሁ። «በቀበቶ የታሰረው ቦቢና ነው፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጥ። የትራክተር ነው፤ ቀበቶው ደግሞ የባሌ ነው፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ጨምሮበታል። ክላክሱ የጭነት መኪና ነው። የመብራቱ ሽቦ ባለ መስመር ጨርቅ አለው፣ የክላክሱ ቀይ። ከባትሪው ሥር አንዲት ሽቦ ወድቃ ትገኛለች። የተጠቀለለችበት ጨርቅ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ አበባ አለው። ያ የኔ የኒካሕ ቀሚስ ነው።»

ሰውየው ኮቱን ሰብስቦ ራሱ አጎነበሰ። ከባትሪው ሥር እጁን ልኮ ሳበ። ቅባት ያጠቆረው ጨርቅ ወጣ፤ በጣቱ ሲያሸው ቢጫዋ አበባ ታየች። መንገዱ ዳር ያለው ሕዝብ እንደ ሐይቅ ሞገድ አጉረመረመ። አላቆምሁም።

«ጓድ ስንሻው፣ ይሄን ቀሚስ ማን ነው የሰፋው? መቁረጡ ኃጢአት ነው ያለኝስ ማን ነው? በል ንገራቸው። መኪናህን ባታውቅ የእጅህን ሥራ አታጣውም!»

ዓይኑን ከዚያች ቢጫ አበባ ላይ መንቀል አቃተው። ያንን ፊት እስከ ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አስታውሰዋለሁ፤ ወዲያው ይወስደኛል።

«ባልሽ የት ነው?» አለ ሰውየው።

«እሱ አሳስሮት እስር ቤት ነው፤ እግሩን ሰብረውታል።»

ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። «ማስነሳት ትችያለሽ?» ብቻ አለኝ። ሽቦዋን ቦታዋ መለስሁ፤ ያን ጊዜ ብሎኗን እስኪያመኝ በጣቴ አጠበቅኋት። ሞተሩ ተነሳ። ሰውየው ከአጃቢዎቹ አንዱን መሪው ላይ አስቀመጠና ስንሻው ሊገባ በሩን ሲይዝ «አንተ በእግርህ ና» አለው። ባለቤቱ፣ የላቡ ባለቤት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከፔጆዋ ጭስ ኋላ እየተከተለ ሄደ። አሣ ሻጮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ አንድ እርምጃ እንዳያመልጠኝ እየተመለከትሁ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሰይድ ተፈታ። ስንሻው በሱ ቦታ ገባ። መኪናዋስ ትሉኝ ይሆናል። ያ ባለሥልጣን ወደዳት መሰለኝ፣ አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ዳግመኛም አላየናትም። የዚያ ዘመን ፍርድ እንዲህ ነው፤ ሌባውን ይቀጣልህና ከብቱን ይነዳብሃል። ሰይድ እግሩ አልተስተካከለም፤ በማይሰማው ጆሮው በኩል ልጆቹ ሲያወሩት ዝም ብሎ ፈገግ ይል ነበር። ስንሻው ከእስር ቢወጣም ወደ በረንዳችን መመለስ አፈረ፤ ቆላ ድባ ሄዶ ይሰፋል ሲባል ሰማን። መንግሥት ተለወጠ። ካኪ ረከሰ፣ ጂንስ ተወደደ፣ መናፈሻው ውስጥ እንደገና ዘፈን ተሰማ።

ከዚያ አንድ ቀን ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ቄሱም ሼሁም አሉበት። ስንሻው ሸብቷል፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ቆመ። «እሜቴ ዘሃራ፣ ጋሽ ሰይድ፣ ስለ ፈጣሪ» አለ። ሰይድ እሱ ገና ንግግሩን ሳይጨርስ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና «አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔ ትቼዋለሁ» አለ። የሱ ልብ እንዲህ ነው፤ እኔ በሱ ልብ አልተፈጠርሁም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እግሩን ማን ሰበረው?» አልሁት።

«እኔ እጄን አላነሳሁም እሜቴ።»

«ማን ሰበረው አልሁህ።»

ድንጋዩ ከበደው፤ አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ተገተረ። «አሰበርሁት» አለ በዝግታ።

«ሽማግሌዎቹ አልሰሙህም።»

«አሰበርሁት!» ብሎ ጮኸ፤ አለቀሰ። ቄሱ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ በይ ማርሁህ በይው» አሉኝ። «አባቴ፣ ባለ እግሩ ምሮታል፤ ይበቃዋል» አልሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። ድንጋዩን ያወረዱለት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ሰይድ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ስንሻውም ሞተ፤ አስከሬኑን ወደ ባሕር ዳር አመጡት። ጎረቤቱ ሁሉ ሲሄድ እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ፣ በአጥሩ ክፍተት ጉድጓዱ በሚታየኝ በኩል ቆምሁ። ልጁ አይቶኝ መጣና እጄን ሳመኝ፤ «እሜቴ፣ አባቴን ይቅር ብለውት መጡ፤ ፈጣሪ ይስጥልኝ» አለኝ። የልጅ ልብ አይሰበርም ብዬ እውነቱን አልነገርሁትም። አፈሩ ተመልሶ፣ በአካፋ ተደልድሎ እስኪያልቅ ድረስ አየሁ። ከዚያ ቤቴ ገባሁና ምሳዬን አቀረብሁ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያን ለት ጥሩ አድርጌ በልቼ አላውቅም።